102 ተርባይን፣ 1530 እኩልታ፦ የትኛው ይቅር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አዳማ ነው የምማረው፣ ማስተርስ። የመመረቂያ ሥራዬ አዳማ ሁለት የሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ዳይናሚክ ሞዴል ነው። 102ቱንም ተርባይኖች ለየብቻ ሠርቻቸዋለሁ። እያንዳንዱ 15 ዲፈረንሺያል እኩልታ አለው። የአሥር ደቂቃ ሲሙሌሽን ላፕቶፔ ላይ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ደግሞ የኮንትሮለሩን ፓራሜትሮች በጄኔቲክ አልጎሪዝም ኦፕቲማይዝ ማድረግ አለብኝ። የማየው የጣቢያውን ጠቅላላ ኃይል ነው። ዋጋቸው ትንሽ የሆኑትን ስቴቶች ዜሮ ባደርጋቸው ችግር አለው? ካለውስ የትኛውን የማቅለያ ዘዴ ትመክሩኛላችሁ?»

ችግር አለው፣ ወንድሜ። ከጥያቄህ ሁሉ ያሳሰበችኝ ይቺ «ዋጋቸው ትንሽ የሆኑትን» የምትለዋ ናት። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

አንድ ስቴት (እንደ ቮልቴጅ ወይም የሮተር ፍጥነት ያለ፣ በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ የሞዴሉ ተለዋዋጭ) ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ የሚለው በመለኪያው የሚወሰን ነገር ነው። ቮልቴጁን በቮልት ከጻፍከው 690 ይሆናል፤ በኪሎ ቮልት ከጻፍከው 0.69። ተርባይኑ ያው ተርባይን ነው። መለኪያ በተቀየረ ቁጥር መልሱ የሚቀየር ደንብ ደግሞ አያስኬድም።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ኢንፑቱ (ለአንተ ነፋሱ) ይህን ስቴት ምን ያህል ያነቃንቀዋል? ስቴቱስ በተራው አውትፑቱን (የጣቢያውን ጠቅላላ ኃይል) ምን ያህል ያነቃንቀዋል? አንዱ ብቻውን አይበቃም። ክፉኛ የሚነቃነቅ፣ ግን አውትፑቱ ላይ የማይታይ ስቴት አለ። በጭንቅ የሚነቃነቅ፣ ሲነቃነቅ ግን አውትፑቱን የሚያናውጥም አለ።

በቁጥር እንየው። ሁለት ስቴት ብቻ ያለው ትንሽ ሞዴል ውሰድ። የመጀመሪያው ስቴት ኢንፑቱን በ100 አባዝቶ ይቀበላል፣ በ1 ፍጥነት ይረግባል፣ ወደ አውትፑቱ የሚደርሰው ግን በ0.001 ተባዝቶ ነው። ሁለተኛው ኢንፑቱን በ0.01 አባዝቶ ይቀበላል፣ በ0.5 ፍጥነት ይረግባል፣ ወደ አውትፑቱ በ100 ተባዝቶ ይወጣል። ኢንፑቱን 1 ላይ አቁመህ ጠብቅ። የመጀመሪያው ስቴት 100 ላይ ይረጋል፤ ሁለተኛው 0.02 ላይ። በአንተ ደንብ ከሄድን 0.02ቷ ትጣላለች። አሁን አውትፑቱን ተመልከት። ከመጀመሪያው የመጣው 0.1 ነው፣ ከሁለተኛው የመጣው 2። ትንሽ ብለህ የጣልከው ስቴት ከጠቅላላው 2.1 ውስጥ 2ቱን ይዞብህ ሄደ።

እንግዲህ ትክክለኛው መለኪያ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚይዝ ነው። ሃንከል ሲንጉላር ቫልዩ ይባላል። አንድ ስቴት ብቻውን ሲሆን ስሌቱ ቀላል ነው፦ መግቢያውን ከመውጫው ጋር ታባዛለህ፣ ለመርገቢያ ፍጥነቱ እጥፍ ታካፍላለህ። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ለየብቻ ብታሰላቸው የመጀመሪያው 0.05 ይወጣል፤ ሁለተኛው 1። መለኪያውን ከቮልት ወደ ኪሎ ቮልት ብትለውጥ መግቢያው በሺህ ሲያንስ መውጫው በሺህ ያድጋል። ብዜታቸው ፍንክች አይልም።

ስቴቶቹ ብዙ ሲሆኑና እርስ በርስ ሲያያዙ ሁለት የሊያፑኖቭ እኩልታዎችን ትፈታለህ። አንዱ ኢንፑቱ የት የት እንደሚደርስ ይነግርሃል፣ ሌላው አውትፑቱ የቱን የቱን እንደሚያይ። ከዚያ ሁለቱን እኩል የሚያደርግ የተለዋዋጭ ለውጥ ትሠራና ከታች ያሉትን ትቆርጣለህ። ባላንስድ ትራንኬሽን የሚሉት ይህ ነው። ብሩስ ሙር በ1981 ያቀረበው ነው። በ1984 ኪት ግሎቨር የስህተቱን ጣሪያ ጨመረበት፤ ስህተቱ ከተጣሉት ሃንከል ሲንጉላር ቫልዩዎች ድምር እጥፍ አይበልጥም። ከላይ በለየናቸው ሁለት ስቴቶች እንፈትሸው። የመጀመሪያውን ብቻ ብንጥል የ0.05 እጥፍ 0.1 ነው። ከአውትፑቱ የሚጎድለውም ልክ 0.1። ስህተቱን ሲሙሌሽን ሳታስኬድ አስቀድሞ የሚነግርህ ዘዴ ብዙ አይደለም። እኔ ለዚህ ስል ብቻ እወደዋለሁ።

ላፕቶፔ ይችለዋል ወይ ካልክ፣ ይችለዋል። የስሌቱ ክብደት ከስቴቶቹ ብዛት ኩብ ጋር ነው የሚያድገው። የ1530 ኩብ 3.6 ቢሊዮን ገደማ ነው። ይህ ለዛሬ ላፕቶፕ ምንም አይደለም። ሚሊዮን ስቴት ቢኖርህ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ሁለት ነገር ብቻ አትርሳ። ዘዴው ለሊኒየር ሞዴል ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ የሥራ ነጥብ ላይ ሊኒየራይዝ ታደርጋለህ (በነጥቡ ዙሪያ በቀጥታ መስመር ትተካዋለህ)። ሞዴልህ ውስጥ ዜሮ አይገንቫልዩ (ፈጽሞ የማይረግብ ክፍል ማለት ነው) ካለ ደግሞ፣ የአንግል ስቴት ብዙውን ጊዜ ያመጣዋል፣ እሱን ለይተህ አስቀምጠህ የቀረውን ነው የምትቆርጠው።

እዚህ ጋ አንድ ስውር ነገር አለ። «መጣል» ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስቴቱን ዜሮ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የስቴቱን ለውጥ ዜሮ ማድረግ ነው፤ ስቴቱ ራሱ ግን በረጋበት ዋጋ ይተካል። በምሳሌያችን የመጀመሪያውን ስቴት ዜሮ ካደረግከው 0.1 ለዘለዓለም ትጎድላለች። በረጋበት ዋጋ ከተካኸው ግን አውትፑቱ ከኢንፑቱ 0.1 እጥፍ ቀጥታ ይደርሰዋል፤ ሁሉም ነገር ሲረጋ መልሱ 2.1 ሆኖ ይወጣል። አንተ የጣቢያውን ጠቅላላ ኃይል ነው የምታየው። የረጋው ዋጋ ከተዛባ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛውን ተጠቀም።

ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን ሦስት ሰዓቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብህ። እውነቱን ለመናገር 1530 ስቴት ለአሥር ደቂቃ ሲሙሌሽን ሦስት ሰዓት መፍጀት የለበትም። ጥፋቱ የብዛቱ አይመስለኝም። የፍጥነት ልዩነት ነው። የኮንቨርተሩ (የተርባይኑን ኤሌክትሪክ ለመረቡ የሚያስማማው መሣሪያ) ከረንት በሚሊ ሰከንድና ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይረጋል። ሮተሩ ፍጥነቱን ለመቀየር ሰከንዶች ይፈልጋል። ኤክስፕሊሲት ሶልቨር (የሚቀጥለውን ዋጋ አሁን ካለው ብቻ የሚያሰላ) ከተጠቀምክ በጣም ፈጣኑ ስቴት ሁሉንም ይዞ ያዘግማል። ለምሳሌ ከስቴቶችህ አንዱ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ የሚረግብ ከሆነ፣ የዚህ ዓይነት የሆነው አራተኛ ደረጃ ሩንጌ ኩታ ከ0.28 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በላይ መራመድ አይችልም፤ ከተራመደ ይፈነዳል። አሥር ደቂቃን በዚህ እርምጃ ስትሄደው ከ2 ሚሊዮን በላይ እርምጃ ነው። ያ ፈጣን ስቴት ግን ከመጀመሪያዋ ሚሊ ሰከንድ በኋላ የሚሠራው ነገር የለም!

ማትላብ ላይ ከሆንክ ኤክስፕሊሲቱን ኦዲኢ45ን ተውና ለእንዲህ ዓይነት የፍጥነት ልዩነት በተሠራው በኦዲኢ15ኤስ ሞክረው። ሌላ ነገር አትንካ። ምናልባት ሦስቱ ሰዓት ወደ ደቂቃዎች ይወርድልህና ግማሹን ችግርህን እዚያው ትገላገላለህ። የኮንቨርተሩን ማብራት ማጥፋት አንድ በአንድ ሞዴል አድርገህ ከሆነ ግን ሶልቨር መቀየር አይረዳህም። በአማካይ ሞዴል ተካው። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ስዊች የአሥር ደቂቃ የነፋስ ጥናት ውስጥ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ቅነሳ። እዚህ ጋ የአንተ ችግር አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው።

102ቱ ተርባይኖች አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንድ ባስባር (የጋራ መገናኛ) ላይ ተገናኝተዋል፣ አንድ ዓይነት ነፋስ ያገኛሉ እንበል። ተለዋዋጮቹን እንደገና አደራጃቸው። በአንድ ወገን የ102ቱን አማካይ አስቀምጥ፤ 15 ስቴት ነው። በሌላ ወገን እያንዳንዱ ተርባይን ከአማካዩ ያለውን ልዩነት አስቀምጥ። ልዩነቶቹ ሲደመሩ ዜሮ ስለሆኑ ነጻ የሆኑት የ101 ተርባይን ልዩነቶች ናቸው፤ 101 በ15 ሲባዛ 1515 ስቴት። አሁን ጥያቄው፣ ግሪዱ (የኤሌክትሪክ መረቡ) ምን ያያል? ድምሩን። አንተስ ምን ትለካለህ? ድምሩን። ልዩነቶቹ ድምሩ ውስጥ ስለሌሉ ለግሪዱ አይታዩም። ግሪዱ የማያያቸው ከሆነ ደግሞ በግሪዱ በኩል ተመልሰው አማካዩን ሊነኩ አይችሉም። 1515ቱ ስቴቶች ሃንከል ሲንጉላር ቫልዩአቸው ዜሮ ነው። ስትጥላቸው ስህተቱም ዜሮ። ግምት አይደለም፣ ሊኒየር አልጀብራ ነው። የ153 ሜጋ ዋት አንድ ትልቅ ተርባይን አድርገህ መሥራት የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ነፋሱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የአዳማን ነፋስ ለአንተ አልነግርህም፤ ኮረብታው አናት ላይ የቆመውና ከሌላው ጀርባ የተከለለው አንድ ዓይነት አያገኙም። እና ተርባይኑ ሙሉ 1.5 ሜጋ ዋቱ ላይ እስኪደርስ ድረስ ኃይሉ ከነፋሱ ፍጥነት ኩብ ጋር ነው የሚሄደው። ግማሾቹ 6 ሜትር በሰከንድ፣ ግማሾቹ 10 አገኙ እንበል። አማካዩ 8 ነው፤ የ8 ኩብ 512። የእያንዳንዱን ኩብ አውጥተህ ብታማክለው ግን 216 እና 1000 ተደምረው ለሁለት፣ 608። በአማካይ ነፋስ ያስኬድከው አንድ ተርባይን ከእውነተኛው 16 በመቶ ያነሰ ኃይል ይሰጥሃል ማለት ነው። ነፋሱን ሳይሆን ኩቡን ብታማክልና ኩብ ሩቱን ብትወስድ 8.47 ይመጣል፤ ኃይሉም ይገጥማል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን የሚያስተካክልልህ የረጋውን ኃይል ብቻ ነው። የ6ቱና የ10ሩ ተርባይን ለነፋስ መናወጥ የሚሰጡት ምላሽ አሁንም የተለያየ ነው።

ስለዚህ ወደ አንድ ሳይሆን ወደ ጥቂት ቡድኖች ሰብስባቸው። ሦስት ወይም አራት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ስትመድብ ግን በነፋስ ፍጥነት ብቻ አትመድብ። መጀመሪያ የምታየው ተርባይኑ በየትኛው የሥራ ክልል እንዳለ ነው። ከሙሉ ኃይሉ በታች ያለ ተርባይን የምላጩን ፒች (የሚዞርበትን ማዕዘን) አያንቀሳቅስም፤ ሙሉ ኃይሉ ላይ የደረሰው ግን በፒቹ ነው የሚኖረው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ቡድን ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ የነፋስ ፍጥነታቸው በአንድ ሜትር ብቻ ቢለያይም። በነገራችን ላይ አዳማ አንድን ለመጨመር ካሰብክ፣ እነዚያ 34ቱ ራሳቸውን የቻሉ ቡድን ናቸው። የጎልድዊንድ ናቸው፣ ጊርቦክስ የላቸውም። አዳማ ሁለት ያሉት ደግሞ የሳኒ ናቸው። ኃይላቸው እኩል 1.5 ሜጋ ዋት ስለሆነ ብቻ አታዋህዳቸው።

አራት ቡድን በ15 ስቴት 60 ነው። እዚህ ማቆም ትችላለህ። ከፈለግክ ግን 15ቱን ራሳቸውን ማሳነስ ይቻላል፤ ሲንጉላር ፐርተርቤሽን በሚባለው መንገድ። ቀደም ሲል «ለውጡን ዜሮ አድርግ» ካልኩህ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ይህኛው ግን ሊኒየር ላልሆነ ሞዴልም ይሠራል። የኮንቨርተሩን ከረንቶች ዲፈረንሺያል እኩልታ ወደ ተራ አልጀብራ እኩልታ ትቀይረዋለህ። የሩሲያው ቲኾኖቭ በ1952 ባረጋገጠው መሠረት የሚያስፈልግህ አንድ ዋና ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ፈጣኑ ክፍል፣ ቀርፋፋው እንደቆመ ሆኖ ሲታይ፣ በራሱ የሚረጋ መሆን አለበት። ይህን ሳያዩ ማለፍ የተለመደ ነው። አይገንቫልዩዎቹን አውጥተህ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባው፣ አማካሪህ ደስ ይለዋል።

በሌላኛው ጫፍ ያሉት በጣም ቀርፋፎቹ ናቸው። እነሱ ላይ ተቃራኒውን ነው የምታደርገው፣ ቋሚ ቁጥር ታደርጋቸዋለህ። ግሪዱን ስትሞድል የቆቃን ማመንጫ ካስገባህ፣ የግድቡ ውኃ ከፍታ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ንቅንቅ አይልም። በቀናትና በወራት የሚለወጥ ነገር ነው። ቁጥር ስጠውና እለፍ።

የዘንጉን መጠማዘዝ ግን ተቻኩለህ አትጣለው። በሰከንድ አንድ ሁለት ጊዜ የሚወዛወዝ ነገር ስለሆነ ፈጣንም ቀርፋፋም አይደለም፤ ከምታስተካክለው ኮንትሮለር ሠፈር ነው ያለው።

ስለ ፒኦዲ (ሌላ የማቅለያ ዘዴ ነው) ጠይቀኸኝ ባይሆንም አማካሪህ ይጠይቅህ ይሆናል፣ ስለዚህ ባጭሩ። ሲሙሌሽኑን አስኬደህ ፎቶ እንደማንሳት በየጊዜው ስቴቶቹን ትመዘግባለህ፣ ኤስቪዲ (መዝገቡን በትልቅነት ወደተደረደሩ አቅጣጫዎች የሚለይ ስሌት) ታደርጋለህ፣ ትልልቆቹን አቅጣጫዎች ትይዛለህ። ለፈሳሽና ለአየር ፍሰት ድንቅ ነው። ለአንተ ግን አልመክረውም። የሚመርጠው በብዛት የሚነቃነቀውን ነው፤ አውትፑቱ ያየው አያየው ግድ የለውም። በሌላ አነጋገር ያቺኑ 0.02 ሊጥልብህ ይችላል።

ኦፕቲማይዜሽኑ ጋ ደረስን። ጄኔቲክ አልጎሪዝም (ብዙ አማራጮችን በየትውልዱ እያዳቀለ የተሻለውን የሚመርጠው ዘዴ) ተማሪዎቻችን ለምን እንደሚወዱት ይገባኛል፤ ግራዲየንት (ውጤቱ በየፓራሜትሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ) አይጠይቅም፣ የተዘጋጀ ኮድ አለው። ሒሳቡን ግን ሥራ። 40 ግለሰብ፣ 100 ትውልድ፣ 4000 ሲሙሌሽን ነው። በሦስት ሰዓት ሲባዛ 12,000 ሰዓት፣ ማለትም 500 ቀን። የኃይል ማመንጫ ሞዴል እያስኬድክ መብራት ሲሄድብህ ያለውን አልቆጠርኩም። ሞዴሉ ቀንሶ አንዱ ሲሙሌሽን 2 ሰከንድ ቢፈጅ ያው 4000 ከሁለት ሰዓት ከሩብ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ያኔም ቢሆን፣ የምታስተካክለው አራት ጌይን (የኮንትሮለሩ ማባዣ ቁጥር) ብቻ ከሆነና የምትለካው ነገር ለስላሳ ከሆነ፣ ግራዲየንት ተጠቀም። አራት ፓራሜትር ማለት በአንድ እርምጃ አምስት ሲሙሌሽን ነው፤ አንዱ ለመነሻው፣ አራቱ ለየፓራሜትሩ። ለእያንዳንዱ ተርባይን የራሱን አራት ጌይን ልስጥ ካልክ ደግሞ 408 ፓራሜትር ይሆናል፣ ያኔ አድጆይንት ዘዴን ተማር። አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ታስኬዳለህ፣ የ408ቱም ግራዲየንት አንድ ላይ ይመጣል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ላሳይህ። ኦፕቲማይዘር ሐቀኛ አይደለም። የቀነስከው ሞዴል የሚሳሳትበትን ቦታ ፈልጎ ያገኝና እዚያ ይሰፍራል። የአንተ ሞዴል ውስጥ እንዲህ ነው የሚሆነው፦ ፈጣኖቹን ስቴቶች ጥለሃል። የተቀነሰው ሞዴል ጌይኑን በጨመርክለት ቁጥር ምላሹ ይሻሻላል። ኦፕቲማይዘሩ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ሞዴሉም ጎሽ ይለዋል። ኮንትሮለሩ የጣልካቸው ስቴቶች ፍጥነት ጋ ሲደርስ ግን ሙሉው ሞዴል መወዛወዝ ይጀምራል። የተቀነሰው ሞዴል ይህን ሊነግርህ አይችልም፤ የሚያውቀውን ክፍል አንተ ነህ የቆረጥከው።

መከላከያው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ኮንትሮለሩን ከቅነሳው ውጪ አድርገው። የምትቀንሰው ተርባይኑንና ግሪዱን ነው፤ የኮንትሮለሩ ጌይኖች እንዳሉ ይቀመጡ። ከኮንትሮለሩ ጋር አብሮ የተቀነሰ ሞዴል ለዚያ ጌይን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጌይኑን ስትቀይር እንደገና መቀነስ ይኖርብሃል። ሁለተኛ፣ የኮንትሮለሩን ባንድዊድዝ (ምላሽ የሚሰጥበትን ፍጥነት) ከጣልካቸው ስቴቶች ውስጥ በጣም ቀርፋፋው ካለው ፍጥነት አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይሄድ ገድበው። አንድ አሥረኛ ብታደርገው ደግሞ እንቅልፍህን ትተኛለህ። ሦስተኛው ትረስት ሪጅን የሚሉት ነው። ኦፕቲማይዘሩ በትንሽ ክልል ውስጥ ብቻ እንዲራመድ ትፈቅድለታለህ። የተቀነሰው ሞዴል 10 ነጥብ ይሻሻላል ብሎ ተነበየ እንበል። ሙሉውን ሞዴል አንድ ጊዜ አስኬድ። 8 ከተሻሻለ ሞዴሉ ይታመናል፣ ክልሉን አስፋው። 1 ብቻ ከተሻሻለ ክልሉን አጥብበው፣ ካስፈለገም በአዲሱ ነጥብ ላይ ሞዴሉን እንደገና ቀንስ። ሙሉውን ሞዴል አልፎ አልፎ ነው የምትነካው፣ ግን ፈጽሞ አትተወውም።

ለኮሚቴው ስታቀርብ ሞዴሉን ለመቀነስ በተጠቀምክበት ነፋስ ላይ ያለውን ግራፍ ብቻ አታሳይ። ያልተጠቀምክበትን ሌላ የነፋስ መረጃ ስጠው፣ እንዲሁም አንድ የቮልቴጅ መውደቅ ጨምርበት። መውደቁ ፈጣኖቹን ስቴቶች ስለሚቀሰቅስ የተቀነሰው ሞዴል የመጀመሪያዎቹን ሚሊ ሰከንዶች ይስታል። ይሳት፣ ግን የት እንደሚስት ራስህ ቀድመህ ተናገር።

ይህ ሁሉ የተነገረው የምታየው የጣቢያው ጠቅላላ ኃይል ስለሆነ ነው። አማካሪህ ነገ ተነስቶ «የአንዱ ተርባይን ዘንግ ምን ያህል ይጨነቃል?» ካለህ፣ ያ 1515 ስቴት ዜሮ መሆኑ ይቀራል፤ አውትፑቱ ተቀይሯልና። ያኔም 1530ውን መልሰህ አታምጣው። የሚጠየቀውን አንድ ተርባይን ከነ15 ስቴቱ ሙሉ አድርገህ ተወው፣ 101ዱን በአንድ ትልቅ ተርባይን ተካቸው። 30 ስቴት ይሆናል። 101ዱ የተለያየ ነፋስ ካላቸው እንደነገርኩህ በሥራ ክልላቸው ከፋፍላቸው፣ 75 ቢደርስ ነው።